ለገና ሀዋሳ፦ ከውጭ አገር ለቤተሰብ ጥየቃ ለምትመጡ ዝርዝር መመሪያ

ከጀርመን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሀዋሳ ልመለስ ስል ለእናቴ በስልክ «ክረምት ላይ እመጣለሁ» አልኳት። እኔ የማስበው ታኅሣሥን ነበር፤ መስኮቴ ላይ በረዶ የሚጋገርበትን ወር። እሷ የሰማችው ሐምሌና ነሐሴን ነው። ግቢውን አስጠርጋ፣ አልጋውን አሳድሳ፣ ቅቤ አንጥራ ሐምሌን ሙሉ ጠበቀችኝ። ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ዕለት ደውላ «ልጄ፣ ትኬቱ ተወደደብሽ እንዴ?» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ መሆኑን በጥቂት ዓመት ውስጥ ረስቼው ነበር።

በዚያው ታኅሣሥ መጣሁ። የነበረኝ 21 ቀን ነው። ከዚያ ውስጥ እናቴ ቤት አርፌ የተቀመጥኩት 8 ቀን ብቻ ሆነ፤ ሌላው በአዲስ አበባ ጉዳይ፣ በመሥሪያ ቤት ደጅ ጥናት፣ ሻንጣ በማከፋፈልና በመንገድ አለቀ። ስመለስ እናቴ «አላየሁሽም እኮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ እያንዳንዱን ጉዞ የማቅደውም ያቺን ቃል ይዤ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው በአንድ ነገር ነው፦ ቀኖቹን መጀመሪያ ለሰው መድቡ፣ ጉዳይ በሚተርፈው ይሠራ።

1. ቀን መቁረጥ

ለቤተሰብ የምትነግሩት በወቅት ስም ሳይሆን በኢትዮጵያ ቀን ይሁን። «ታኅሣሥ 14 ቦሌ እገባለሁ» ብትሉ የሚሳሳት ሰው አይኖርም።

በዚህ ወቅት ሀዋሳ ላይ ልብ የሚባሉ ሦስት ቀኖች አሉ። ታኅሣሥ 19 (ዲሴምበር 28) የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነው። ገና ጃንዋሪ 7 ይውላል። ከተራና ጥምቀት ጥር 10 እና 11 (ጃንዋሪ 18 እና 19) ናቸው፤ ማግስቱ ቃና ዘገሊላ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ገብርኤል ዲሴምበር 29፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላሉ፤ ገና ግን ታኅሣሥ 28 ተከብሮ ጃንዋሪ 7ን አይለቅም። 2016 እንደዚያ ነበር፤ 2020ም እንደዚያው ይሆናል። ፈቃድ ከአሠሪያችሁ ስትጠይቁ ይህችን አንድ ቀን አስሉ።

የሀዋሳ ገብርኤል ሰሞን ከተማዋ ከየአገሩ በሚመጣ ምእመን ትሞላለች። አልጋ ይጠፋል፣ ያለውም ይወደዳል፣ መኪናና የአገር ውስጥ በረራ ቀድሞ ያልቃል። ንግሡን ማክበር ከፈለጋችሁ ቢያንስ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በፊት ከተማ ግቡ። ካልፈለጋችሁ ደግሞ ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 ባለው ጊዜ መንገድ ላይ አትገኙ።

አራት ሳምንት ያለው ሰው ከታኅሣሥ 14 እስከ ጥር 12 ይቀመጥ፤ ሁሉንም ያገኛል። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ያለው መምረጥ አለበት። እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ከገና ዋዜማ እስከ ጥምቀት ማግስት ያለውን ነው። ጾሙ ተፈትቶ ቤቱ ሞቅ ይላል፣ ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ የተበተነው ዘመድ አንድ ቦታ ይገኛል። ከፈረንጆቹ ገና በኋላ የሚነሳ ትኬትም ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ትኬቱን ግን እስከ ነሐሴ ድረስ ቁረጡ።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስንት ሰው ቦሌ ላይ ተጠፋፍቷል። ትኬት ላይ «ዓርብ 00:30» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ማታ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሊቀበላችሁ የሚመጣው ወንድማችሁ «ዓርብ» ሲባል ዓርብ ማታ ይመጣል፣ እናንተ ደግሞ ሐሙስ ሌሊት በሩ ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። ቀኑን በኢትዮጵያ፣ ሰዓቱን በኢትዮጵያ፣ ሁለቱንም በጽሑፍ ላኩላቸው።

2. ወረቀት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው የሚያየው የፓስፖርቱን ቀን ብቻ አይደለም። የምትኖሩበት አገር የመኖሪያ ፈቃድ እናንተ ሀዋሳ ሳላችሁ የሚያልቅ ከሆነ መመለሻችሁ ይበላሻል፤ ከመነሳታችሁ በፊት አሳድሱት።

ኢትዮጵያ ጣምራ ዜግነት አትፈቅድም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው፣ ካለው ያለ ቪዛ ይገባል። ከሌለው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በኢንተርኔት ሲያመለክቱ መንግሥታዊውን ገጽ መሆኑን አረጋግጡ፣ የሚመስሉት ብዙ ናቸው። ፓስፖርቱ ከመግቢያ ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን። ልጅ ይዞ ብቻውን የሚጓዝ ወላጅ የሌላኛውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ይያዝ።

3. ጤና፦ «እኔ እዚያው ያደግሁ ነኝ» አትበሉ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ የማውቃቸው ሰዎች ታመውበታልና። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የሐይቅ ዳር ከተማ ናት። ያ ወባ የሚገኝበት ከፍታ ነው። ወባ የሚበረታው ደግሞ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ እኛ የምንደርሰው ጅራቱ ላይ ነው። በልጅነት ደጋግሞ በመያዝ ሰውነት የሚለምደው መከላከያ ውጭ ጥቂት ዓመት ሲኖሩ ይደክማል። እዚያው የቀረችው እህታችሁን አንድ ቀን አስተኝቶ የሚተዋት ወባ እናንተን ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ውጭ የተወለዱት ልጆቻችሁማ ፈጽሞ አያውቁትም።

ከጉዞው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱና ሀዋሳ እንደምትሄዱ ንገሩ። መከላከያ ክኒኑን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ከሆነ ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከወባማው አካባቢ ከወጡ በኋላ ለ7 ቀን ይቀጥላል፤ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከመመለስ በኋላ ለ4 ሳምንት። በዚያው ቀጠሮ የታይፎይድና የጉበት በሽታ ክትባታችሁን ጠይቁ። አጎበር እናታችሁ ቤት መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ነው።

ሌላው ሐይቁ ነው። በልጅነታችን ዋኝተንበታል፤ አሁን ግን ልጆቻችሁን አታስገቡ። የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለበት።

4. መርዶ፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ

ይህን ክፍል ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ነው በተለይ የምጽፈው።

በሁለተኛው ጉዞዬ ለአክስቴ ቁጥር 39 ቆዳ ጫማ ገዝቼ ነበር፤ እግሯ ስለሚያብጥ ሶሉ ለስላሳ የሆነ። በስልክ ስጠይቅ «ገጠር ወርዳለች»፣ «ስልኳ ተበላሽቷል» ይሉኝ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። አጎቴና የእድሩ ሽማግሌዎች ገቡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ጥቁሩ ጥለት አንገታቸው ላይ ነው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ማንም ገና አፉን ሳይከፍት ገባኝ። አክስቴ ካረፈች 5 ወር ሆኗት ነበር። ጫማው ሻንጣ ውስጥ ወረቀቱ እንኳ አልተፈታም።

ቤተሰቤን አልወቅስም። በሰው አገር ብቻዋን ትሰማና ትወድቃለች ብለው ነው። ግን አምስት ወር ሙሉ ሌሎች ያለቀሱትን እኔ በአንድ ማለዳ ልሸከመው አልቻልኩም፤ የዚያ ጉዞ የመጀመሪያ ሳምንት በዚሁ አለፈ።

ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጡ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡ፤ ከእናትና ከአባት ይልቅ የአጎት ልጅ ወይም ታላቅ እህት ይሻላሉ። በቀጥታ ጠይቁ፦ «እኔ ያልሰማሁት ሞት አለ? ካለ እዚሁ ሆኜ ልስማው።» እዚያ የምትኖሩበት ከተማ ያለ የቅርብ ወዳጃችሁን ስልክ ስጧቸው፤ ካለ ለእሱ ይንገሩትና እሱ ከሰው ጋር ሆኖ ያርዳችሁ። አልቅሳችሁ፣ ሰው አጽናንቷችሁ፣ ከዚያ ትሳፈራላችሁ። «አይ፣ እንደ ወጉ ቤቴ ስደርስ ልስማ» የሚል ሰውም አለ፤ እሱም ያስኬዳል። ብቻ ምርጫው የእናንተ ይሁን።

5. ሻንጣ

ዝርዝሩን ከእናታችሁ ጋር በስልክ ሥሩ፤ ያልተጠየቀ ልብስ ከመጫን ይሻላል። የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ በብዙ ቤት ተፈላጊ ነው። የስኳር መለኪያ ስትገዙ የመመርመሪያ ወረቀቱን በብዛት ጨምሩ፤ ወረቀቱ ካለቀ ማሽኑ ከንቱ ዕቃ ይሆናል። መነጽር ለማምጣት የሐኪም ቁጥሩ በፎቶ ይላክላችሁ። ጫማ በእግር ቁጥር ሳይሆን ወረቀት ላይ ተቆሞ በእርሳስ በተሳለ ልክ ግዙ። ማንኛውንም ዓይነት አንቲባዮቲክ ይዛችሁ ለጎረቤት አታድሉ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከአሜሪካ የሚያመጣ ሰው ጀርባውን ያንብብ። የእኛ 220 ቮልት ነው፤ 110 ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ወይም መፍጫ ሶኬት ላይ በገባበት ቅጽበት ይቃጠላል። ስልክ ለየትኛውም ሲም ክፍት የሆነ ይሁን። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ ብትመጡ ጉምሩክ ይይዘዋል። አንድ ዓይነት አዲስ ዕቃ በብዛት መያዝም እንደ ንግድ ያስቆጥራል።

ለራሳችሁ ሹራብ ያዙ። የታኅሣሥ ፀሐይ ቀን ታቃጥላለች፤ ሌሊቱና ማለዳው ግን ይበርዳል፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ይብሳል። ለለቅሶ ቤት የሚሆን ጥቁር ልብስ አንድ ይኑር።

6. ከቦሌ ሀዋሳ

በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት በታች ነው። የአገር ውስጡን በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት ብታያይዙት ይሻላል፤ ለብቻ ከተቆረጠ የሚፈቀደው ኪሎ ያንሳል፣ በሁለት ትልልቅ ሻንጣ የመጣ ሰው ይቸገራል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ ያገኛልና ስትቆርጡ ጠይቁ።

በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ። አውቶቡስ በማለዳ ይነሳልና አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው። ቤተሰብ ሚኒባስ ተከራይቶ ሊቀበላችሁ ከመጣ ሾፌሩ አዲስ አበባ አድሮ ያረፈ ይሁን፤ ሌሊቱን ከሀዋሳ ሲነዳ መጥቶ ወዲያው የሚመልሳችሁ አይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ በቀን ብቻ ተጓዙ። መንገድ ላይ የሽንኩርትና የቲማቲም ክምር ስታዩ መቂ አካባቢ ናችሁ፤ ለቤት አንድ ሣጥን መግዛት የቆየ ልማድ ነው። ሻሸመኔን አልፋችሁ ቢሻን ጉራቻ ስትደርሱ ለእናታችሁ ደውሉ፤ ቡናው የሚቆላው ያኔ ነው።

አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው «አንድ ሁለት ቀን እዚህ ደርበሽ ሂጂ» ይባላል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞ እሺ ብዬ 5 ቀን ቀረሁ። የአዲስ አበባውን ጥየቃ ለመመለሻ አቆዩት። እናት ቦሌ መግባታችሁን ሰምታ ሀዋሳ ላይ ስትጠብቅ የሚያልፈው ቀን ረጅም ነው።

7. ገንዘብ፣ ስልክ፣ ባጃጅ

ገንዘብ በባንክ መንዝሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የባንኩ ዋጋ ከድሮው ጋር አይወዳደርም፤ መንገድ ላይ መመንዘር ወንጀል ነው፣ ሐሰተኛ ብርም ያጋጥማል። የመነዘራችሁበትን ደረሰኝ እስክትመለሱ አትጣሉት። በርከት ያለ የውጭ ገንዘብ የያዘ ሰው ሲገባ ለጉምሩክ ያሳውቅ።

ሲም በፓስፖርት ይወጣል፤ በዚያው ቴሌብር ክፈቱ፣ ለመብራትም ለሱቅም ይሆናል። ለባጃጅ ግን ዝርዝር ብር ያስፈልጋል። ባጃጅ ስትይዙ «ኮንትራት» ካላችሁ ብቻችሁን፣ ካላላችሁ ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ ዋጋውን ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ።

ለሰው የምትሰጡትን ገንዘብ ገና ውጭ ሳላችሁ ወስኑ። እኔ ፖስታ አዘጋጃለሁ፦ የእናቴ እድር የዓመት መዋጮ፣ ለታመመ፣ ለአራስ፣ ለሠርግ፣ ላላሰብኩት። «ላላሰብኩት» የሚለው ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃልና ወፈር ይበል። እሱም ሲያልቅ «ዘንድሮ አልተመቸኝም» ማለት ነውር የለውም። ተበድሮ መስጠት ግን የሚመለሱበትን ዓመት ያርቃል፤ በዕዳ ምክንያት አራት ዓመት ሳትመጣ የቀረች ጓደኛ አለችኝ።

8. የመጀመሪያዎቹ ቀኖች

የመጀመሪያው ቀን ከቤት አትውጡ። ሰው ይመጣል፤ ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ በልጅነት ያዘለቻችሁ ሴት። ተነስታችሁ ተቀበሉ፣ ለትልልቆቹ ጉልበት ሳሙ። ያልለያችሁት ፊት ካጋጠመ እናታችሁን በጎን ጠይቁ፤ «አስታወስሽኝ?» ለሚል ሽማግሌ «አላስታወስኩም» አትበሉ፣ «እስቲ ድምፅዎን ልስማው» በሉ። ድምፅ ከፊት ይልቅ ይታወሳል። የሲዳማ ጎረቤት «ዳኤ ቡሹ» ብሎ ሲቀበላችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለቱ ነው፤ በሻፌታ፣ ማለትም በሸክላ ዕቃ፣ ቡርሳሜ የሚባለው በቅቤ የተሠራ የእንሰት ምግብ ከቀረበላችሁ ትንሽም ቢሆን ቅመሱ።

የዚያን ቀን ማታ ከእናታችሁ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሦስት ረድፍ ጻፉ፦ ሰው የሞተባቸው፣ የታመሙ፣ የወለዱ። እናቴ ስትነግረኝ እኔ እጽፋለሁ፤ በዚያች ወረቀት ነው እኔ ያልነበርኩበትን ዓመት የምሰማው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ለቅሶ። ሞቱ አንድ ዓመት ቢያልፈውም እናንተ ገና አልደረሳችሁምና እንደ ትናንት ነው። ሳቅና ጭፈራ ያለበት ቤት ቀድማችሁ ታይታችሁ ለቅሶ ቤት ዘግይታችሁ ብትመጡ ቅሬታው ይቆያል። ስኳር፣ ቡና ወይም ጥቂት ብር ይዛችሁ ግቡ። ብዙ አታውሩ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ሀዋሳ የወንጌል አማኝ የበዛባት ከተማ ናት፤ እዚያ ቤት «ጌታ ያጽናናችሁ» ትላላችሁ። ሟቹን የሚያስታውስ ፎቶ ስልካችሁ ውስጥ ካለ አሳትማችሁ ውሰዱ። የአክስቴን ፎቶ ለልጆቿ በወሰድኩ ጊዜ እነሱ እንኳ ያላዩት ነበር፤ ሐይቁ ዳር ቆማ በእጇ ፀሐይ ከልላ።

ከለቅሶ ቀጥሎ የታመመ፣ ከዚያ አራስ፣ ከዚያ ሌላው።

በቀን ስንት ቤት? ከሦስት አይለፍ፤ ጠዋት ሁለት፣ ከሰዓት አንድ። እያንዳንዱ ቤት ቡና ያፈላል፣ ቡና ደግሞ አቦል ብቻ ጠጥተው የሚነሱበት አይደለም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ተቀምጦ መሄድ ባልመጣች ይሻል ነበር ያስብላል። በአንድ ቀን ሰባት ቤት የደረሰ ሰው አንዱንም አልጠየቀም።

በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ግን ባዶ ተዉ። ምንም የማይሠራበት፣ እናታችሁ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ የምትቀመጡበት። ስልክ ላይ የማትነግራችሁን ነገር የምትነግራችሁ ያኔ ነው፤ እኔ የጉልበቷን ሕመም የሰማሁት ምስር ስንለቅም ነው።

9. ጾም፣ ገና እና ሐይቁ

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። በጾሙ ውስጥ የምትገባ ሴት ልጅ ዶሮ ወጥ አትጠብቅ፤ ሽሮውን፣ የተልባ ፍትፍቱን፣ የእናቷን ጎመን ትብላ። በዚህ ጾም ዓሣ የሚበላ ቤት ብዙ ነው፣ የማይበላም አለ፤ የእናንተን ቤት ጠይቁ።

ለዓሣ የሚኬደው ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወደሚባለው ገበያ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ድረሱ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ቆሮሶውና አምባዛው መሬት ላይ ይዘረገፋል፣ ወጣቶቹ በምላጭ በሚመስል ቢላ ቆዳውን በአንድ እጅ ጎትተው ይገፉታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሰው ቁመት ሊያህሉ ምንም አይቀራቸው፤ አንጀት እስኪወረወርላቸው ክንፋቸውን አጥፈው ቆመው ይጠብቃሉ። ሾርባው ትኩስ ትኩሱን ከሚጥሚጣ ጋር ነው። የተገፈፈውን ለቤት አስጠቅልላችሁ ቶሎ ተመለሱ፤ ፀሐይ ሲበረታ አይቆይም። ወንድሞቼ ጥሬውን በዳጣ ይበሉታል፤ ከውጭ የመጣ ሆድ ግን ባይሞክረው እመክራለሁ።

ለገና ጎረቤት ቅርጫ የሚገባ ከሆነ አስቀድማችሁ በስልክ «የእኛን መደብ እኔ እከፍላለሁ» በሉ። በዋዜማው የሚደርስ ሰው ስሙ ሳይመዘገብ በሬው ይታረዳል። ዶሮና በግ ከበዓሉ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ ቢገዛ ይረክሳል። ዋጋ ሲጠየቅ ከውጭ የመጣው ሰው ባይታይ ጥሩ ነው፤ እናታችሁን ከታናሽ ወንድማችሁ ጋር ላኩ።

አማርኛ የማይችል ልጅ ካላችሁ ከአያቱ ጋር የሚሠራው ሥራ ስጡት። የእኔ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከእናቴ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም፤ በሦስተኛው ቀን ቄጠማ የሚጎዘጉዘው እሱ ነበር። «አምጣ» እና «እዚህ» በሚሉ ሁለት ቃላት ይግባባሉ።

10. የመሥሪያ ቤት ጉዳይ

ቤት፣ ካርታ፣ ውርስ፣ ባንክ የሚባል ነገር ካለ አንዱን ብቻ ምረጡ። እኔ አንዴ አንድ ፊርማ ለማግኘት ስድስት ጠዋት ተመላለስኩ፤ አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን በዓል። እነዚያ ስድስት ጠዋቶች የእናቴ ነበሩ።

የሚሻለው ገና ከመምጣታችሁ በፊት በምትኖሩበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ለታመነ ወንድም ወይም እህት ውክልና መስጠት ነው። ውክልናው የተወሰነ ይሁን፤ ለየትኛው ጉዳይ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት። ወንድማችሁ ከኅዳር ጀምሮ ወረቀቱን ያስጨርስ፣ እናንተ ስትመጡ የቀረውን ፊርማ ብቻ ፈርሙ። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ በበዓል የተቆራረጠ ነውና ያልተጀመረ ጉዳይ በእነዚያ ቀኖች አትጀምሩ።

11. መመለሻ

ከሀዋሳ ከበረራው አንድ ቀን ቀድማችሁ ውጡ፤ በዚያች ቀን የአዲስ አበባ ዘመድ ይጠየቃል።

በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ኮረሪማውን በወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ አሽጉና ልብስ መሐል አስገቡ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትመለሱ ከሆነ ሥጋና የወተት ውጤት ማስገባት ክልክል ነው፤ ቋንጣውም፣ የተነጠረው ቅቤም፣ አይቡም ይወሰድባችኋል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ይህን ለእናታችሁ ቅቤውን ሳታነጥር በፊት ንገሯት። አንጥራ፣ ኮሰረት አግብታ፣ በጠርሙስ ሞልታ ካቀረበች በኋላ «አይቻልም» ማለት ይከብዳል።

መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት ቡናው በረካ ከደረሰ በኋላ አድርጉት። ለምርቃት ጊዜ ይተርፍ። አባታችሁ ወይም የሰፈሩ አዛውንት ሲመርቁ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ መሆን የለበትም።

ስትደርሱ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውሉ፤ እስክትደውሉ አትተኛም። የወባውን ክኒን እስከ መጨረሻው ቀን ዋጡ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት ቢነሳባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ኢትዮጵያ ነበርኩ፣ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» በሉ፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል፣ የእነሱ ሐኪም ደግሞ ካልነገራችሁት ጉንፋን ነው ብሎ ይሰዳችኋል። ከዚያች ሦስት ረድፍ ካላት ወረቀት ላይ ያልደረሳችሁባቸው ቤቶች ከቀሩ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ በአንድ ስልክ ደውሉላቸው።